የመዥገሯ ቦታ

ቂም የምይዘው በቀላሉ ነው። ይህን የምለው ለመኩራትም ለማፈርም አይደለም። አንዳንዱ ሰው ፀጉሩ ቶሎ ይሸብታል፣ እኔ ቶሎ እቀየማለሁ። አባቴ ገና የወተት ጥርሴ ሳይረግፍ "ቃሪያ" ብሎ ስም ያወጣልኝ በዚሁ የተነሳ ነው። ከያዝኳቸው ቂሞች ሁሉ ግን የመጀመሪያውን የሚያህል የለም። አሥር ዓመቴ ነበር፤ የተቀየምኩትም አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር።

ሰውየውን የሰፈር ልጆች ጋሽ ካቻቪቴ እንለው ነበር፤ ካቻቪቴ ከደረት ኪሱ ተለይቶት አያውቅም። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በሆዴ ግን አንተ ነበር የምለው። አንቱታው የሚገባበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ እዚህም እንደዚያው ልጥራው።

አባቴ በርና መስኮት ሠሪ ነበር። በሚሠራበት ወርክሾፕ ውስጥ ከትልቁ መጋዝ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ቆሟል። መጋዙ ሲነሳ ጩኸቱ ክፍላችን ድረስ ይመጣ ነበር። አስተማሪዋ ትምህርቷን ታቋርጣለች፣ እኔ ደግሞ ለጎኔ ልጅ "አባቴ ነው" እላለሁ። ቤታችን ራሱ ጩኸት የበዛበት ቤት ነበር። እናቴ ራት መቅረቡን ለመናገር አባቴን ሦስት ጊዜ ትጣራለች፣ በአራተኛው ሄዳ ትከሻውን ትነካዋለች። ደክሞት ነው ትለን ነበር። ደክሞት እንዳልነበረ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ጋሽ ካቻቪቴ የአባቴ አብሮ አደግ ነው። አንድ ቅዳሜ የጠርሙስ ክዳን የምታክል ክብ ነገር ይዞ መጣ። ኋላዋ ማግኔት ነው፣ ፊቷ ተለጣፊ፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ተንጠልጥሎባታል። ኤክሳይተር ትባላለች አለን። ድምፅ ታወጣለች፣ ግን የራሷ አፍ የላትም፤ የለጠፏት ነገር ሁሉ አፍ ይሆናታል። አባቴ ከበር የተረፈ ስስ ኮምፔንሳቶ አመጣ። ለጠፏት፣ ሽቦዋን ጋሽ ካቻቪቴ ካመጣው አምፕሊፋየር ጋር አገናኙ፣ እንጨቱም መዝፈን ጀመረ። ሳጥን የለው፣ ቀዳዳ የለው። ዘፋኙን ፍለጋ ከኋላው ዞሬ አየሁ። አባቴ መዳፉን እንጨቱ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየና "ይቺማ መዥገር ናት፣ ተጣብቃ ነው የምትኖረው" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ስሟ መዥገር ሆነ። ለአንድ ወር ያልለጠፍንበት ነገር የለም። ጠረጴዛው አወራ፣ የመስኮቱ መስታወት አንጎራጎረ፣ ቁምሳጥኑ ዜና አነበበልን። አባቴ ሁልጊዜ መዳፉን አሳርፎ ነበር የሚያዳምጠው። ከደስታ የተነሳ ይመስለኝ ነበር።

የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ድምፅ ማጉያዎች በዚያን ጊዜ ከሞቱ ቆይተዋል። ዳይሬክተሯ ንግግር ስታደርግ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ያለነው የምናየው ከንፈሯን ብቻ ነው። አባቴ ሄዶ አነጋገራት። አራት ሰፋፊ ሳንቃ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሊሰቅልላት ተስማሙ፤ ጋሽ ካቻቪቴም ሌሎች ሦስት መዥገሮች አመጣ። እንጨቱን የሰጠው የአባቴ አሠሪ ነው፣ ባለ ወርክሾፑ፤ ግን ሐሙስ ሙከራው ሲደረግ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ ብሏል። ይህ ሰው አባቴን ከመጋዙ ሊያነሳው ሰበብ እንደሚፈልግ በቤታችን ሲወራ እሰማለሁ። ለምን እንደሆነ ስጠይቅ ወሬው ይቀየራል። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል፤ ሐሙስ ከተሳካ አባቴ መጋዙ ላይ ይቆያል፣ ካልተሳካ ይነሳል።

አባቴ አራቱን ሳንቃ በሁለት ሳምንት ጨረሰ። ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ። ኋላቸው ላይ በእርሳስ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለት መስመር አሰመረና መስመሮቹ በተገናኙበት ላይ አንድ አንድ መዥገር ለጠፈ። ልክ መሃል። የበር ሰው ነዋ፤ የበር ሰው ሁሉን ነገር ከመሃል ለክቶ ነው የሚወጣው። ጋሽ ካቻቪቴ መሃሏ ላይ ብትሆን ድምፁ እንደሚታፈን፣ ከዳር ከአምስት ሁለት እጅ ያህል ገባ ብላ ብትቀመጥ እንደሚሻል ነገረው። አባቴ "ምን አልክ?" አለ። ያኛው ደገመለት። አባቴ ሳቀና ጠማማ በር ሠርቼ አላውቅም አለው። ሙዚቃ ከፈቱ፤ አባቴ መዳፉን አሳርፎ "ይኸው፣ ምን ጎደለው?" አለ።

ጋሽ ካቻቪቴ እናቴን አያት። እናቴ ወለሉን አየች።

"ጥሩ ነው" አለ ጋሽ ካቻቪቴ። "በጣም ጥሩ ነው።"

መዥገርን መሃል ላይ መለጠፍ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው። ጆሮ ያለው ጀማሪ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰምቶ ያነሳታል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ የማውቀው አባቴ ተሳስቶ እንደማያውቅ ብቻ ነው። አባቴ የሳንቃዎቹን ጀርባ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ፣ ጨርቁን በጥቃቅን ምስማር መትቶ ጨረሰና ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ሄደ።

ማክሰኞ ግማሽ ቀን ነበር የተማርነው። ቤት ስደርስ ሳንቃዎቹ ያሉበት የጓሮው ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በስንጥቁ አየሁ። ጋሽ ካቻቪቴ ተንበርክኮ የአባቴን ጨርቅ ገልጦታል። በስስ ምላጭ መዥገሯን ከመሃል ፈልቅቆ ወደ ጎን እየወሰዳት ነው። እናቴ ሳንቃውን ደግፋለታለች። እናቴ!

"እሱ እንዳያውቅ ብቻ" አለች እናቴ።

"አያውቅም። ጨርቁን እንደነበረ እመታዋለሁ።"

"ሰውየው ሐሙስ ይመጣል አይደል?"

"ይምጣ። እሱ እስኪመጣ ሁሉም ነገር እኛ እንደፈለግነው ይሆናል።"

ደሜ ፈላ። ለአሥር ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ጋሽ ካቻቪቴ ከባለ ወርክሾፑ ጋር ተማምሏል፤ አባቴን በሰው ፊት አዋርደው ከመጋዙ ሊያስነሱት ነው። እናቴን ደግሞ ጠጋኙ በጣፋጭ ምላሱ አታሏታል። ገብቼ ልጮህ አሰብኩና ተውኩት። የሚጮህ ሰው ይመታና ዝም ይባላል፤ የሚበቀል ሰው ግን ይጠብቃል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ አብሮኝ የተወለደ ነው።

ማታ ጋሽ ካቻቪቴ እኛ ቤት መጥቶ ከአባቴ ጋር ሲስቅ አመሸ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን ቂሜን ይዤ ውሃ አቀረብኩለት፣ ወንበሩን አስተካከልኩለት፣ ቦርሳውንም ተቀብዬ ጓዳ አስቀመጥኩለት። ሳስቀምጥለት ከውስጡ ሁለት ፊት ያለውን ተለጣፊ ፕላስተር ወሰድኩ። በራሱ ፕላስተር ልቀብረው ነው ብዬ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ረቡዕ ሳንቃዎቹ በጋሪ ሄደው በአዳራሹ ዕቃ ቤት ግድግዳ ተደግፈው ነበር። በምሳ ሰዓት ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲራወጡ የኩሽና ቢላዋ በደብተር መሃል ደብቄ ገባሁ። ምስማሮቹን ነቅዬ ጨርቁን ገለጥኩ። የአባቴ የእርሳስ መስመሮች እንዳሉ ነበሩ፤ ጠጋኙ እነሱን አላጠፋም። ንቀት ነው ብዬ ጨመርኩበት። መዥገሯን በቢላዋ ፈነቀልኳት፣ አዲስ ፕላስተር ቆርጬ አደረግኩባት፣ መስመሮቹ በተገናኙበት ላይ ባለ በሌለ ኃይሌ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። የቀድሞው ማጣበቂያ መፋቅ እንዳለበት፣ ሳይፋቅ ከተለጠፈ ግማሿ ተይዞ ግማሿ እንደሚነሳ ማን ይንገረኝ? ደወል ሲደወል የጨረስኩት ሁለቱን ብቻ ነበር፤ መድረኩ አጠገብ የሚሰቀሉትን። ይበቃሉ አልኩ።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ሳንቃዎቹ አባቴ እንደሠራቸው ያምራሉ፤ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ያኔ እኔ ከወንበሬ ተነስቼ በጣቴ ጋሽ ካቻቪቴን አሳይቼ የሠራውን ሁሉ እዘከዝካለሁ። የምናገራትን ቃል እንኳ አጥንቻታለሁ።

ሐሙስ ረፋድ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እናቴ ንጹህ ነጠላዋን ለብሳ ከኋላ ተቀምጣለች። ባለ ወርክሾፑ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። አባቴ መድረኩ አጠገብ ካለው ሳንቃ ጎን ሆኖ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጋሽ ካቻቪቴ አምፕሊፋየሩን ከፈተ። ዳይሬክተሯ ማይክሮፎኑን ይዛ "እንደምን አደራችሁ ልጆች" አለች።

የወጣው ግን ድምፅ አልነበረም። ጣሳ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ያለ ንዝረት፣ በመሃሉ የተሰባበረ ቃል። ዳይሬክተሯ በተናገረች ቁጥር ንዝረቱ ጥርስ ይነካል። የፊተኞቹ ልጆች ጆሯቸውን ያዙ፣ የኋለኞቹ ሳቁ፣ አንዲት አስተማሪ ፊቷን አጨማደደች።

አባቴ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

መዳፉን ሳንቃው ላይ አሳርፏል። እንጨቱ ከመቼውም በላይ እየተንቀጠቀጠለት ነው፣ ስለዚህ ደስ ብሎታል። ጭንቅላቱን ቀስ አድርጎ ይነቀንቃል። ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ዞሮ ስንስቅ አየንና እሱም አብሮን ሳቀ። ባለ ወርክሾፑ ከበሩ ተነስቶ በጀርባው በኩል መጣ። በስሙ ጠራው። ደግሞ ጠራው። ከዚያ ከጆሮው ኋላ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ። አባቴ አልዞረም፤ ፈገግታውም አልጠፋም።

ያን ጊዜ ጋሽ ካቻቪቴ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ሳንቃውን ከግድግዳው አወረደ። ጨርቁን ገልጦ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ በረድፎቹ መሃል ዓይኑን አዞረ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። በጉልበቴ መሃል እጄን ደበቅኩ። ወደ ዳይሬክተሯ ዞረና አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ተናገረ።

"ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ በትክክል ነው የሠራው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልዋሽ አልችልም። ያለ ዱላ፣ ያለ ከሳሽ፣ ራሱ አመነ! ንዝረቱም የሱ ተንኮል ነው፤ ያልደረስኩበትን ሌላ ነገር ሠርቶ ኖሯል ማለት ነው። ዞሬ እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ክህደቱ አሁን ገባት ብዬ እሷንም ይቅር አልኳት።

በሳምንቱ አባቴን ከመጋዙ አንስተው ብርጭቆ ወረቀት አስያዙት። ወር ሳይሞላው ጥሎላቸው ወጣ። እናቴ ጋሽ ካቻቪቴ በአዳራሹ ያለውን በወረቀት ጽፋ አሳየችው፤ አነበበውና ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሰው በቤታችን ስሙን የጠራ የለም። ሊጠይቀው ሁለት ጊዜ መጣ፤ ሁለቱንም ጊዜ አባቴ ጀርባውን ሰጠው። ቂሙን ከማን እንደወረስኩት ጠያቂ ካለ ይኸው።

እኔ በበኩሌ ሥራዬን አላቆምኩም። የሱቁን ቁልፍ ቀዳዳ በኮላ ደፈንኩት። በሱቁ ፊት ሳልፍ ምራቄን እተፋ ነበር። አንድ ጊዜ ሰላም ሲለኝ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አለፍኩት። እንዳልሰማ ሆኖ ማለፍ በጊዜው ትልቅ ስድብ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ በጓሮው ክፍል የእጅ መላጊያና የእጅ መጋዝ ይዞ በር እየሠራ ዕድሜውን ጨረሰ፤ ሙያውን ከእሱ ተማርኩ። ዛሬ የራሴ ወርክሾፕ አለኝ፣ ትልቅ መጋዝም አለኝ፤ የመጀመሪያውን ሥራ ከዚያ ከባለ ወርክሾፑ እጅ ነጥቄ ነው የጀመርኩት። የጆሮ መከላከያም ገዝቻለሁ፤ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ላብ ያመጣል። ልጆቼ በስልክ ስናወራ ለምን ትጮሂያለሽ ይሉኛል፤ እናንተ ናችሁ የምታንሾካሹኩት እላቸዋለሁ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ከእናቴ ጋር ልብሱን ስናጣጥፍ ያቺ ወረቀት ከኮቱ ኪስ ወጣች። እናቴ ጉልበቷ ላይ ዘረጋቻትና ነገረችኝ። አባትሽ አንቺ ሰባት ዓመት ሳይሞላሽ ጀምሮ አይሰማም ነበር፤ መጋዙ በላው፤ የሚያነበው ከንፈራችንን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ለመንኩት፤ ከመጋዙ ያነሱኛል ብሎ እምቢ አለ። ጓደኛው ድምፁ መበላሸቱን ነግሮ ሊያሳፍረው አልቻለም። ስለዚህ በድብቅ አስተካከለው፤ እኔም ያዝኩለት። እንዲህ አለችኝ።

"እስከ ዛሬ ግራ የሚገባኝ" አለች እናቴ፣ "ማን መልሶ እንዳበላሸው ነው። ያ ባለ ወርክሾፕ ሰው ልኮ ይሆናል።"

"ይሆናል" አልኩ።

ጉድጓድ ስትምሺ አታርቂው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቂምና ይባላል። እኔ ለጠላቴ ብዬ አርቄ ማስኩ፤ የገባበት አባቴ ነው። ሊያወጣው የገባውን ሰው ደግሞ አፈር መለስኩበት።

አርባኛው ቀን ሳይሞላ ወደ ጋሽ ካቻቪቴ ቤት ሄድኩ። እዚህ ላይ አንቱታው ይገባል። አርጅተዋል፤ ካቻቪቴው ግን ከፒጃማቸው ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ልጃቸው፣ የኔው እኩያ የሆነች ሴት፣ በር ከፍታልኝ ወደ ኩሽና ተመለሰች። ከወንበራቸው በላይ ግድግዳው ላይ የአባቴ ሳንቃ ተሰቅሏል። ጠርዙን በጣቴ ሳልነካው አወቅኩት።

ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢላዋውን፣ ፕላስተሩን፣ የቁልፉን ኮላ። ከዚያ ተነስተው ሳንቃውን አወረዱና ጀርባውን አሳዩኝ። ጨርቁ የለም። መዥገሯ በእርሳሱ መስቀለኛ ላይ እንደተጣበቀች ነው፤ በዳሯ በሚታየው የደረቀ ማጣበቂያ ላይ የአንዲት ትንሽ አውራ ጣት አሻራ አለ።

"የዚያኑ ቀን አይቼዋለሁ" አሉ ፊታቸውን ወደ ፊቴ አቅንተው፣ ቃሉን ረገጥ እያደረጉ። "የትልቅ ሰው ጣት እንዲህ አታንስም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"አንቺን ብናገር ልጁን ያጣል። ጆሮው ነው ብል መጋዙን ያጣል፤ እሱንስ አልሆነልኝም። ጓደኛ ማጣት ይቀለው ነበር።"

እንዳለቅስ አልፈለጉም መሰለኝ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሽቦዋን ከአሮጌው አምፕሊፋየር ጋር ያገናኙ ጀመር። ይበቀሉኛል ብዬ አሰብኩ። ያንን ጥርስ የሚነካ ንዝረት ፊታቸው ተቀምጬ እንድሰማው ሊያደርጉኝ ነው፤ ይገባኛልም። ወንበር ስቤ ሳንቃው አጠገብ ተቀመጥኩና ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ።

ዘፈኑ ተነሳ። ለስላሳ ነበር። ትንሽ ራቅ ያለ፣ ግን ንጹህ፤ ዝንብ የለም፣ ጣሳ የለም። ደነቀኝ።

"አስተካክለውታል ማለት ነው" አልኳቸው። "አሁን እኮ አይነዝርም። በጣም ጥሩ ነው።"

ጋሽ ካቻቪቴ ወደ እኔ ዞሩ። ፊቴን አዩት፣ ከዚያ ጆሮዬን አዩ። እኔም ሳላውቀው ዘርግቼው የነበረውን እጄን አየሁ፤ መዳፌ ሳንቃው ላይ አርፏል፣ እንጨቱ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል። ልጃቸው በአንድ እጇ ጭልፋ፣ በሌላው ጆሮዋን ይዛ፣ ፊቷን አጨማዳ ከኩሽና ብቅ አለች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም።

እሳቸው የመለሱላትንም አልሰማሁም። ነገር ግን ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት በሞላ አዳራሽ ሲናገሩት ያየሁት አፍ ነውና፣ ቃሉን ከከንፈራቸው አነበብኩት።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሏት። "እሷ በትክክል ነው የሠራችው።"